የወንጀል ፍትሕ ትምህርት በአሜሪካ ኮሌጆች

በአሜሪካ ኮሌጆች «የወንጀል ፍትሕ» በሚል ስያሜ የሚሰጠው ትምህርት፣ የፖሊስን ምርመራ፣ የዐቃቤ ሕግን ክስ፣ የፍርድ ቤትን ውሳኔና የማረሚያ ቤትን ሥራ እንደ አንድ የተያያዘ ሥርዓት ወስዶ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። ከሕግ ትምህርት ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይምታታል፤ በተለይም ከኢትዮጵያ ለሄዱ ቤተሰቦች ልዩነቱ በቀላሉ አይታይም፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በፈለገው መስክ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ተጨማሪ ሦስት ዓመት በሕግ ትምህርት ቤት መማር ይኖርበታል። ስለዚህ የወንጀል ፍትሕ ምሩቅ የሕግ ባለሙያ አይደለም፤ ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል በማን ላይ እንደሚጠብቅ፣ ለማን እንደሚላላና ምን ውጤት እንደሚያስከትል መመርመር የተማረ ሰው ነው።

የትምህርቱ መነሻ ፖሊስን ማሻሻል ነበር። የካሊፎርኒያዋ የበርክሌ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ኦገስት ቮልመር በ1908 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለፖሊሶቻቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1916 ደግሞ ትምህርቱ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ አደረጉ። ይሁን እንጂ ዘርፉ በእውነት የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። ወንጀል በመጨመሩና በከተሞች ሁከት በመነሣቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ያቋቋሙት ኮሚሽን፣ በ1967 ባቀረበው ሪፖርት ፖሊሶች ውሎ አድሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ሐሳብ አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣውም ሕግ ፖሊሶች ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ የመንግሥት ገንዘብ መደበ። በኒው ዮርክ ከተማ በ1964 የተመሠረተው የዛሬው ጆን ጄይ ኮሌጅ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

ገንዘቡ ግን ከጥቅሙ ጋር ጉዳትም ይዞ መጣ። ተማሪውን ለመሳብ በጥድፊያ የተከፈቱ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ጡረታ የወጡ ፖሊሶች ለሥራ ላይ ፖሊሶች የሥራ ልማድን የሚያስተላልፉባቸው ቦታዎች ሆኑ፤ ተመራማሪው ሎውረንስ ሸርማን በ1978 የታተመውን ጥናት ሲመሩ የነቀፉትም ይህንኑ ነበር። ነቀፋው ተገቢ ነበር። ልማድን እንዳለ የሚያስተምር ኮሌጅ ከፖሊስ ማሠልጠኛ የሚለይበት ነገር የለውምና፤ የዘርፉ ክብር ያለው ልማድን በማስረጃ ለመፈተን በሚያሳየው ድፍረት ላይ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ከ1972 እስከ 1973 በካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ፣ የተካሄደው ሙከራ ነው። ፖሊስ በመኪና እየተዘዋወረ የሚያደርገው ሮንድ ወንጀልን ይከላከላል የሚለው እምነት ለዘመናት ያለ ጥያቄ ሲሠራበት የኖረ ነበር። በሙከራው 15 የሮንድ ቀጣናዎች በሦስት ተከፈሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሮንዱ ቀርቶ ፖሊስ የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ሆነ፣ በሁለተኛዎቹ ሮንዱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨመረ፣ በሦስተኛዎቹ እንደነበረው ቀጠለ። ዓመቱ ሲያበቃ በሦስቱ ምድቦች መካከል፣ በወንጀሉ ብዛትም ሆነ በነዋሪው ፍርሃት፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ ፖሊስ አያስፈልግም ማለት አልነበረም፤ የት ሊሰማራ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ግን አስነሣ፤ ቆይተው የተደረጉ ጥናቶችም ወንጀል በሚደጋገምባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ የሚያተኩር ጥበቃ ውጤት እንደሚያመጣ አሳዩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ግኝቱ ራሱ እንደገና መፈተን ነበረበት። ሸርማንና ሪቻርድ በርክ ከ1981 እስከ 1982 በሚኒያፖሊስ ባካሄዱት ጥናት፣ ፖሊስ ለቤት ውስጥ ቀላል ጥቃት ሲጠራ ተጠርጣሪውን ማሰር፣ መምከር ወይም ለስምንት ሰዓት ከቤት ማስወጣት ከሚሉት እርምጃዎች የትኛውን እንደሚወስድ አስቀድሞ በዕጣ ይወሰን ነበር። የታሰሩት ጥቃቱን የደገሙት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ሆኖ ስለተገኘ፣ ውጤቱ በ1984 ሲታተም ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች ማሰርን መመሪያቸው አደረጉ። ጥናቱ ሚልዋኪንና ኦማሃን በመሰሉ ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ ተለያየ፤ እንዲያውም ሥራ በሌላቸው ተጠርጣሪዎች ዘንድ መታሰር ጥቃቱን ሲያባብስ ታየ። የተጠቂዋ ሕይወት በመመሪያው ላይ በተንጠለጠለበት ጉዳይ፣ አንድ ጥናት ብቻ ይዞ ሕግ ማውጣት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተማሪ ከዚህ ይረዳል።

ስለሆነም ኮሌጅ የሚመርጥ ወጣት ከስሙ ይልቅ የትምህርቱን ይዘት ሊመረምር ይገባዋል፤ የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ ግዴታ መሆናቸውን፣ መምህራኑም ራሳቸው የሚመራመሩ መሆናቸውን ማጣራት ይበጃል። ከተመረቁ በኋላ የሚገኘው ሥራም ፖሊስነት ብቻ አይደለም፤ በገደብ የተለቀቁ ወይም በአመክሮ ከእስር የወጡ ሰዎችን መከታተል፣ የወንጀል ተጎጂዎችን መርዳት፣ በፍርድ ቤት አስተዳደርና በመረጃ ትንተና መሥራት ይቻላል። እንደ ኤፍቢአይ ያሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የአሜሪካ ዜግነት ስለሚጠይቁ፣ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ተማሪ ይህን ከመመዝገቡ በፊት ማወቅ አለበት። በሌላ በኩል አማርኛ መቻል በዚህ መስክ እውነተኛ ሀብት ነው፤ በ2004 የወጣው የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስን ጨምሮ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች የቃል ትርጉም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።