ለመኪና ቀለም የሚለበሰው ላስቲክ እንዴት ይሠራል?

እናቴ ቤት የምግብ ጠረጴዛው ላይ በእጇ የሠራችው ዳንቴል አለ። ዳንቴሉን ቡና እንዳይደፋበት ብላ ወፍራም ጥርት ያለ ላስቲክ አልብሳዋለች። ሲገዛ መኖሩም አያስታውቅም ነበር። ዛሬ ሻይ የተነከረ ይመስል ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ተጠቅልሏል፤ ጥጉ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰንጥቋል። የእህቴ ልጅ አዲስ የገዛትን የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጥቶ "ጋሼ፣ ፒፒኤፍ ላስለብሳት ነው፤ የቱን ልምረጥ?" ያለኝ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቡና እየጠጣን ነው። መልሱ ክርናችን ሥር ነበር።

ፒፒኤፍ የሚሉት የመኪናን ቀለም ከጠጠርና ከጭረት የሚከላከል፣ በራሱ ማጣበቂያ የሚለጠፍ ላስቲክ ነው። መነሻው ሄሊኮፕተር ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን ተሽከርካሪ ክንፍ ጠርዝ አሸዋ እየበላበት ሲቸገር እንዲህ ባለ ቴፕ ይሸፍነው ጀመር።

ብዙ ሰው መከላከያ ሲባል ጠንካራ ነገር ይጠብቃል። የመኪና ቀለም ግን የሚጎዳው ድርቅ ያለ በመሆኑ ነው። ላሜራው ላይ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከዚያ የሚያብለጨልጨው ክሊር ይቀባል፤ ሁሉም ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እንግዲህ ላሜራውን ከዝገት የሚጋርደው የሁለት ፀጉር ውፍረት ነው። ጠጠር ሲያርፍበት መለመጥ ስለማይችል ተፈርክሶ ይነሳል። ላስቲኩ ብቻውን 200 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ሲመታ ጎድጎድ ብሎ ጉልበቱን ወደ ጎን ይበትነውና ተመልሶ ይቃናል። ሲኒ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅና ፍራሽ ላይ ሲወድቅ እንደማለት ነው።

ገበያ ላይ ያለው ላስቲክ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ርካሹ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የውኃ ቧንቧ የሚሠራው ከእሱ ነው። እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ፀሐይና ሙቀት ቀስ በቀስ ማለስለሻውን ሲያወጡበት ወደ ቧንቧነቱ ይመለሳል፤ ይደርቃል፣ ይጠባል፣ ይሰነጠቃል። የእናቴ ጠረጴዛ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ እሱ እንኳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ። ደህናው ቲፒዩ ነው። ቲፒዩ ልስላሴው ከራሱ ከሥሪቱ ስለሆነ የሚተንበት ነገር የለም። በመሀል ቲፒኤች የሚባል አለ፤ ስሙ ቲፒዩን ይመስላል፣ ሥጋው ግን ወደ ፒቪሲው ያደላል። ስሙን ያወጣው ሰው መመሳሰሉን ያላሰበበት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ስልኩን ገልብጦ አሳየኝ። "ይሄ ከቨርስ ቲፒዩ አይደል? ለምን እንደ ጥርስ በለዘ ታዲያ?"

ልክ ነው። ቲፒዩም ሁለት ዘር አለው። አሮማቲክ የሚባለው ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ግን ቢጫ ይሆናል። አሊፋቲክ የሚባለው ቀለሙን ይዞ ይቆያል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ለመኪና የሚሆነው ይሄኛው ነው። በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ነጭ መኪና ያለው ሰው አሊፋቲክ የሚለውን ቃል ይዞ ይጠይቅ፤ ቢጫው መጀመሪያ የሚያጋልጠው ነጩን ነው።

"ወረቀቱን እመነው" አላልኩትም። "ከሁለት ሱቅ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ለምነህ አምጣ" አልኩት። በሁለተኛው ቀን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ሳብናቸው። አንደኛው እንደ ጎማ ተለጥጦ ስንለቀው ቦታው ተመለሰ፤ ሌላኛው እንደተሳበ ቀረ። ቀጥለን ሁለቱንም ሰሃን ጀርባ ላይ ለጠፍናቸውና እናቴ ድስት በምትፈትግበት ሽቦ በስሱ ፈተግናቸው። ሁለቱም ደበዘዙ። የፈላ ውኃ ከማንቆርቆሪያው ስናፈስባቸው የመጀመሪያው ላይ የነበረው ጭረት ዓይናችን እያየ ተዘጋ። ሁለተኛው ላይ ያለው እስከ ዛሬ አለ።

ምትሐት የለበትም። ከላስቲኩ በላይ እንደ ቀለም ስስ ሆኖ የተቀባ የሚለመጥ ሽፋን አለ። ትንሽ ጭረት ሽፋኑን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሲሞቅ የተገፋው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የቀን ፀሐይ ያጋለው ኮፈንም ይህን ይሠራል። ቁልፍ በጥልቀት ከቆረጠው ግን ምንም ውኃ አይመልሰውም። ዘበኛው በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ አሥር መኪና ሲወለውል አቧራው ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ፀሐይ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። ይድናል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሴራሚክ የሚባለውን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ሴራሚክ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ ደርቆ የአንድና የሁለት ማይክሮን ሽፋን ቢሆን ነው። ውኃው ተንከባሎ ይወርድለታል፣ ማጠቡም ይቀላል። ጠጠር አያቆምም። በረዶ ላሜራ ሲያጎደጉድ ደግሞ ሁለቱም አያስጥሉም።

ሙሉ መኪናውን ማልበስ ያስፈልጋል? ለእኔ አያስፈልግም። የጠጠር ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ከተማ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ያገኘህ ጠጠር በአዳማ ፈጣን መንገድ በ120 ብታገኘው በዘጠኝ እጥፍ ጉልበት ይመታሃል። የሚመታህም ከፊት ነው። ባምፐሩን፣ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹን፣ ስፖኪዮዎቹን፣ ከዚያ የፊት ጎማ ጠጠር የሚያስፈነጥርበትን የበሩን ታችኛ ክፍል ከሸፈንክ ትልቁን ሥራ ሠርተሃል። የበር እጀታው ሥር ያለችውን ጎድጓዳም አትርሳ፤ ጥፍር የሚጨርሳት እሷን ነው። ጣሪያውን ለማልበስ የሚወጣውን ገንዘብ ለተሻለ ላስቲክ አውለው።

ቀጥሎ የሚመረጠው እጅ ነው። አብሬው አንድ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ላስቲኩን በሳሙና ውኃ አንሸራቶ ኮፈኑ ላይ ዘረጋውና ትርፉን እዚያው መኪናው ላይ በምላጭ ሊቆርጥ ቀረበ። "ምላጩ የሚያርፈው የት ነው?" አልኩት። "ጋሼ፣ አይስጉ፤ እጄ ለምዷል" አለኝ። እጁ ለምዶ ይሆናል፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያለው ቀለም ግን አንድ ቀን ለሚሳሳት እጅ አይሆንም። በመኪናው ልክ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን አስቀድሞ ቆርጦ የሚለጥፍ ሌላ ቤት ፈለግን።

ከተለጠፈ በኋላ ላስቲኩ ሥር ወተት የመሰለ ደመናና ትንንሽ የውኃ አረፋ ቢታይ አትደንግጡ፤ በቀናት፣ ቢዘገይ በሳምንታት ተኖ ይጠፋል። አረፋው ውስጥ አቧራ ካለ ግን አይጠፋም፤ ያኔውኑ ይነገራል። ለአንድ ሳምንት ላቫጆ አይገባም፤ ከዚያ ወዲህም የግፊት ውኃውን ጠርዙ ላይ አስጠግቶ ማስተኮስ ላስቲኩን ያስነሳዋል። ባለ ቀለም ላስቲክ ያማራችሁ ደግሞ ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ቀለም አስቡ፤ ከማልበሳችሁ በፊት መኪና የሚመዘገብበት ቢሮ ጎራ ብሎ መጠየቅ ነው።

ለእህቴ ልጅ መኪናዋ ገና ከፋብሪካ የወጣች ስለሆነች ምክሬ እዚህ ላይ አበቃ። ያገለገለ መኪና ላላችሁ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ላስቲኩ አንድ ቀን ይነሳል፤ ሲነሳ የፋብሪካ ቀለም አይንቀሳቀስም፣ ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ ተለጥፎበት የተቀባው ግን ከላስቲኩ ጋር ተልጦ ሊመጣ ይችላል። ገና የተቀባ ከሆነም ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ተኖ እስኪያልቅ ከወር በላይ መታገሥ ይሻላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የፍሪጅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መኪናችሁን ዙሯት። ላሜራው ብረት በሆነበት ቦታ ማግኔቱ ከላላ ወይም ከወደቀ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ እዚያ ቦታ ላስቲክ አታስለጥፉ።