ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲታደስ፦ ፒስተንና ክራንክ ሻፍት ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል

ተባይ በሰብል ላይ በተከሰተበት ሳምንት የመድኃኒት መርጫው ሞተር አልነሳም ካለ፣ ወይም የግብርና ባለሙያው ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ከቆመ፣ ኪሳራው ከመለዋወጫው ዋጋ በላይ ይኾናል። በጀርባ የሚታዘሉ ባለ ሞተር መርጫዎች፣ የእንጨት መቁረጫ ሞተር መጋዞች፣ እንዲሁም እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉ ለገጠር መንገድ የሚመረጡ ሞተር ሳይክሎች በባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሠሩ ናቸው። ሞተሩ ደክሞ ሲፈታ ባለንብረቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ትልቅ ፒስተንና ረዥም ምት ያለው ክራንክ ሻፍት ገጥሞ ጉልበት መጨመር ይሻላል ወይስ ሞተሩን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ?

ለሥራ ለሚውል ሞተር መልሱ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያሻል።

በየዙሩ የሚቀጣጠል ሞተር

ባለ አራት ምት ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ባለ ሁለት ምቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ያቀጣጥላል። በደቂቃ 6 ሺህ ዙር ሲሠራ በሰከንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል ማለት ነው። ምቱ 50 ሚሊ ሜትር በኾነ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ በዚህ ፍጥነት በአማካይ በሰከንድ 10 ሜትር ይመላለሳል።

የነዳጅና የአየር ድብልቁ አስቀድሞ በክራንክ ሻፍቱ ቤት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገቡትንና ጭሱን የሚያስወጡትን ቀዳዳዎች የሚከፍተውም የሚዘጋውም ፒስተኑ ራሱ ነው። ክራንክ ሻፍቱንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልስ የተለየ የዘይት ቋት የለም፤ ያላቸው ዘይት ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለው ወይም በትንሽ ፓምፕ ከድብልቁ ጋር የሚገባው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የፒስተኑም ኾነ የክራንክ ሻፍቱ ልክ ትንሽ ሲዛባ የአየር አገባቡ፣ የጭስ አወጣጡና የዘይት አደራረሱ አብረው ይዛባሉ።

አሮጌው ፒስተን ምን ይናገራል?

አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት አሮጌው ለምን እንደተበላሸ መለየት ይገባል። ፒስተኑ በአየር ማስገቢያው በኩል ብርሃኑን አጥቶ እንደ ተሞረደ ከመሰለ በአየር ማጣሪያው በኩል አቧራ መግባቱን ያመለክታል። ዙሪያውን ተቧጥጦ ከተጣበቀ የዘይት ማነስ ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት ሊኾን ይችላል። አናቱ ከቀለጠ ወይም ከተበሳ ደግሞ ነዳጁ አንሶ አየር መብዛቱ፣ አለዚያም ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ጊዜ መሳሳቱ ይጠረጠራል። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍና ጫፍ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ከደረቁም አየር ይስባሉ፤ ድብልቁንም ያሳሳሉ። መንስኤው ሳይታረም የሚገጠም ፒስተን የቀደመው ዕጣ ይደርሰዋል።

ፒስተን አመራረጥ

ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። መበላቱ ፋብሪካው ከፈቀደው ወሰን ካላለፈ አዲስ ፋሻ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ካለፈ ግን ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገጠምለታል። ለብዙ ሞተር ሳይክሎች እነዚህ ደረጃዎች በ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚሠሩ ናቸው።

በዚህ ቦታ ስሌት ይረዳል። የዲቲ 125 ሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲኾን ይዘቱ 123 ሲሲ ገደማ ነው። በ0.25 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 124 ሲሲ ይኾናል። በአንድ ጊዜ ወደ 57 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ እንኳ 127.6 ሲሲ ነው፤ ጭማሪው 4 በመቶ አይሞላም። ለዚህ ትንሽ ጭማሪ ሲባል ግን ሲሊንደሩ ወደፊት ሊታደስባቸው የሚችሉ ሦስት ዕድሎች በአንድ ቀን ያልቃሉ። ስለዚህ ጉዳቱን ለማጥፋት የሚበቃውን የመጀመሪያ ደረጃ መምረጥ ብልህነት ነው።

ፒስተኑ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሲሊንደሩ ጋር ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። ባለሙያው የፒስተኑን ልክ ወስዶ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባውን ክፍተት ጠብቆ ይቦረቡራል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሲሊንደር በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ከጠበበ ፒስተኑ ይጣበቃል፤ ከሰፋ ደግሞ ይንኳኳል፤ እመቃም ይቀንሳል። ከቦረቦራው በኋላ የቀዳዳዎቹ ስለታም ጠርዞች ካልተሞረዱ ፋሻውን ይሰብሩታል።

ስፋቱ ስለገጠመ ብቻ ፒስተን አይገዛም። ከፒኑ እስከ አናቱ ያለው ቁመት፣ የፒኑ ውፍረትና በጎኑ ያሉት መስኮቶች ከአሮጌው ጋር አንድ መኾን አለባቸው። የፋሻው ጫፎች በማቆሚያዋ ፒን ላይ መግባታቸው፣ በአናቱ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ጭስ ማውጫው መዞሩ ይረጋገጥ። በአንዳንድ መርጫዎችና መጋዞች ሲሊንደሩ በውስጡ በክሮም ወይም በኒኬል የተለበጠ ስለኾነ አይቦረቦርም፤ ሲበላሽ ከነፒስተኑ ይቀየራል።

በገበያ ላይ ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተንም አለ። ጥንካሬው ለውድድር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሲሞቅ የበለጠ ስለሚለጠጥ ሰፋ ያለ ክፍተትና ከጉዞ በፊት በቂ ማሞቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ለመርጫና ለገጠር ጉዞ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራው ተስማሚ ነው።

ክራንክ ሻፍትና ቢዬላ

ቢዬላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ምንም ልል መኖር የለበትም፤ ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ግን ተፈጥሮው ነው። ኩሽኔታው ከተበላ ሁለት መንገድ አለ፦ ክራንክ ሻፍቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ወይም ቢዬላውን፣ ፒኑንና ኩሽኔታውን በፕሬስ ማስለወጥ። ሁለተኛው ዋጋው ይቀንስ ይኾናል፤ ኾኖም ክራንክ ሻፍቱ ከተገጣጠመ በኋላ በመለኪያ ላይ ዞሮ ቀጥ ማለቱ ካልተረጋገጠ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች በአጭር ጊዜ ይበላል። የሚፈቀደው መዛባት ከሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች አያልፍም፤ በመዶሻና በዓይን ግምት የሚደረስበት ልክ አይደለም።

ረዥም ምት ያለው ክራንክ ሻፍት በምኞት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ምቱ በ2 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ፒስተኑ ወደ ላይም ወደ ታችም 1 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ከሲሊንደሩ ሥር ማካካሻ ካልገባ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊመታ ይችላል፤ የቀዳዳዎቹ መክፈቻና መዝጊያ ጊዜም ይለወጣል። በ56 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ የሚገኘው ትርፍ 5 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። ክብደቱ የቀነሰ ክራንክ ሻፍትም ሞተሩ ቶሎ እንዲፈጥን ያደርጋል፤ ነገር ግን ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት ለሚወጣ ሰው ከባዱ ይሻለዋል።

ከፍታን በፒስተን ማሸነፍ አይቻልም

ሞተር በ1 ሺህ ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ሞተር ሩብ ያህል ኃይሉን ቢያጣ የፒስተኑ ጥፋት አይደለም። ለደጋ ተብሎ ነዳጁ የተቀነሰለት ካርቡሬተር ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ድብልቁ ስለሚሳሳ ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ጋዙን ዘግቶ ሞተሩን እንደ ፍሬን መጠቀምም የሚገባውን ዘይት ስለሚቀንስ አልፎ አልፎ ጋዝ መንካት ይገባል።

ከዕድሳቱ በኋላ

ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት የተሠራው ይኹን፤ መጠኑም መመሪያው እንዳዘዘው። አንድ ለ25 ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ለ50 ከተባለ 20 ሚሊ ሊትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞተሩን ለረዥም ጊዜ በሙሉ ጋዝ ማሠራት፣ ከባድ ጭነት መጫንም አይገባም። የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ደግሞ ከማንኛውም ውድ ፒስተን በላይ የሞተሩን ዕድሜ ያስረዝማል።

በቅደም ተከተል ሲታይ፦ የብልሽቱን መንስኤ መለየት፣ ሲሊንደሩንና ክራንክ ሻፍቱን ማስለካት፣ ከዚያ መግዛት፣ በመጨረሻም ማስገጠም ነው። ገንዘብ የሚተርፍ ከኾነ ለጥሩ ኩሽኔታና ለአዲስ የጎማ ቀለበቶች ይዋል። ለአርሶ አደሩ የሚበጀው በሥራው ቀን የሚነሳ ሞተር ነውና።