ከእንጦጦ ወዲህና ወዲያ የሚዘንበውን ለማወቅ

ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የወረደ የክረምት ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ከወዲህ ቡራዩ ላይ የወረደውን የገፈርሳና የትንሹ አቃቂ ወንዞች ተቀብለው ለአዋሽ ያስረክቡታል፤ የሰበታም ውሃ የሚያመራው ወደዚያው ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ጎረቤታሞች አንዱ ለሜዲትራኒያን፣ ሁለቱ ለአፋር ምድር ይገብራሉ።

እንዲህ ባለ አገር የዝናብ መለኪያ የሚያውቀው የተተከለበትን ግቢ ብቻ ነው። ጣቢያዎቻችንም በአብዛኛው ዋና ዋና መንገዶችን ተከትለው በከተሞች ውስጥ የቆሙ ናቸው። ሳተላይት በበኩሉ ሁሉንም ያያል። ነገር ግን ሜቴዎሳት የተባለው የአየር ሁኔታ ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚለካው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ እንጂ መሬት የነካውን ውሃ አይደለም። ተራራ ላይ ዝናብ የሚጥል ደመና ደግሞ አናቱ እምብዛም ላይቀዘቅዝ ስለሚችል ግምቱ ከእውነተኛው ዝናብ ያንሳል።

በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ጋር ሆነው የጣቢያንና የሳተላይትን መረጃ አዋሃዱ። ኢናክትስ የተባለው ይህ ሥራ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ዘንድ ደርሷል። አድካሚው ክፍል ማጽዳቱ ነው፦ የጣቢያው አድራሻ በካርታ ላይ ትክክል መሆኑ ይጣራል፤ የተጋነነ ቁጥር ተለይቶ ይመረመራል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ የሳተላይቱን ግምት በጣቢያዎቹ ልኬት እያረመ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር በ4 ኪሎ ሜትር ለሆነ ቁራሽ መሬት የየ10 ቀኑን ዝናብ ያሰላል።

አገራችን 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ቁራሹ ወደ 70 ሺህ ይጠጋል። ይህ በ30 ዓመት ሲሰላ ከ70 ሚሊዮን በላይ የዝናብ ቁጥር ይወጣዋል። ያንን ሁሉ አከማችቶ፣ ለጠየቀ ባለሙያ ወዲያው በካርታ ማሳየት ራሱን የቻለ ምሕንድስና ነው፤ ሳተላይት ከማምጠቅ ያነሰ ክብር የሚገባው አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን አገር ምድሩን አስደስታለች። ፎቶዋ ግን ለምርምር የሚጠቅመው የሚያጠራው፣ የሚያስቀምጠውና ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽረው ሥርዓት ሲኖር ነው።

ለሦስቱ ከተሞች የዝናቡ ካርታ ብቻውን አይበቃም። እርሻው ቤትና ፋብሪካ ሲሆን ቆርቆሮውና አስፋልቱ ጎርፉን ያፈጥኑታል። ይህን ለውጥ ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ የኖሩት የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች ያሳያሉ፤ ምስሎቹም ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ ያለክፍያ ይገኛሉ። የዝናቡን መዝገብ፣ የመሬቱን ምስልና የወንዞቹን ልኬት በአንድ ሥርዓት ማገናኘት ለቡራዩም ለሱሉልታም ለሰበታም የቦይና የድልድይ ስፋት ለሚወስነው መሐንዲስ ዛሬውኑ የሚያስፈልግ ሥራ ነው።