የታችኛው ቅጠል ለምን ቢጫ ይሆናል?

ኦሎምፒያ አካባቢ በጀሪካን ጎመን የተከሉ እናት «አፈሩ ብስባሽ ነው፤ የችግኙ የታች ቅጠል ግን ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ ልንቀለው?» ብለው ጠይቀዋል።

እናታችን፣ አይቸኩሉ። በቅድሚያ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ከጨቀየና ከሸተተ ሥሩ አየር አጥቷል፤ ማዳበሪያ አያድነውም። በየሶላቱ የውዱእ ውሃ የሚደፋበት ከሆነ ጀሪካኑ ከታች ይበሳ፤ ውሃውም ለሌሎች ተክሎች ይከፋፈል።

አፈሩ ደህና ሆኖ የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ችግኙ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ ወይም ገለባ ካለበት፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ይሻሙታል። በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይጨምሩለት።

የገረጡት ሲበቅል መጀመሪያ የወጡት ሁለት ቅጠሎች ብቻ ከሆኑ ግን አይስጉ፤ ስንቃቸውን ጨርሰው ነው።