የዳክዬ ቴምብር፤ አዳኝ አዳኝ የሆነበት መንገድ

በአማርኛ አጻጻፍ «አዳኝ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚያድነውን ሰው ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ከሞት የሚያተርፈውን። ሁለቱ ፈጽሞ የሚቃረኑ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ሰው ላይ ያገናኘ ትንሽ ወረቀት አለ፤ እርሱም የዳክዬ ቴምብር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የቴምብሩን አመጣጥና አሠራር ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓላማችን ግን ታሪኩን መተረክ ብቻ አይደለም፤ የወፍ ሥዕልና ቅርጽ ሸጦ ወፎችን መጠበቅ ይቻላል ሲባል ገንዘቡ በምን መንገድ ወደ ወፏ እንደሚደርስ ለመመርመር ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን፣ በዚያ አገር የዳክዬ ቅርጽ የተጀመረው ለመግደል እንጂ ለማዳን አለመሆኑን ነው። በ1924 ዓ.ም. በኔቫዳ ግዛት፣ ላቭሎክ በተባለ ዋሻ ውስጥ ከደንገል መሰል ተክል የተሠሩ የዳክዬ ምስሎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 2,000 ዓመት ይገመታል። የአገሩ ተወላጆች ምስሉን በውኃ ላይ ያንሳፍፉት ነበር፤ በላይ የሚያልፈው የዱር ዳክዬ ጓደኞቹን ያየ መስሎት ሲወርድ ይያዛል። ኋላ የመጡት ሰፋሪዎችም በዚሁ ዘዴ ለመጠቀም ምስሉን ከእንጨት ይቀርጹ ጀመር። በ19ኛው መቶ ዓመት ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች በእንጨት ዳክዬ እያታለሉ የገደሉትን እጅግ ብዙ ወፍ በከተማ ይሸጡ ነበር። ከአገር አገር የሚፈልሱትን አዕዋፍ ለመጠበቅ በ1918 የወጣው ሕግ ይህን ንግድ ከለከለ። የቅርጹ ጥበብ ግን አልጠፋም። በሜሪላንድ ግዛት፣ በክሪስፊልድ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወንድማማቾች ሌምና ስቲቭ ዋርድ በሙያቸው ጸጉር አስተካካዮች ሲሆኑ፣ የእንጨቱን ዳክዬ ከአደን መሣሪያነት ወደ ጥበብ ሥራነት ካሸጋገሩት ሰዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ሕጉ ንግዱን ቢከለክልም የዳክዬው ቁጥር ከመቀነስ አልዳነም። ጥፋቱ የጥይት ብቻ አልነበረምና። ረግረጉ ለእርሻ ሲባል ውኃው እየተንጣፈፈ ይደርቅ ነበር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ታላቅ ድርቅ ተጨመረበት። ረግረግ ከሌለ ዳክዬ ጫጩቶቹን የሚያሳድግበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በመጋቢት ወር 1934 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አንድ ሕግ ፈረሙ። በዚህም ሕግ መሠረት ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የዳክዬ አዳኝ በየዓመቱ ልዩ ቴምብር ካልገዛ በቀር ማደን አይፈቀድለትም። የመጀመሪያውን ሥዕል የሣለው ጄይ ዳርሊንግ ነው። እርሱም በጋዜጣ በሚያወጣቸው የፖለቲካ ቀልድ ሥዕሎች የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ሥዕሉ ሁለት ዳክዬዎች በረግረግ ላይ ሲያርፉ ያሳያል። ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያውም ዓመት 635,001 ቴምብር ተሸጠ።

ከ1949 ጀምሮ ሥዕሉ የሚመረጠው ለአገሩ ሠዓሊዎች ሁሉ ክፍት በሆነ ውድድር ነው። በመጀመሪያው ውድድር 65 ሠዓሊዎች 88 ሥዕሎች አቅርበዋል። አሸናፊው ከመንግሥት የገንዘብ ሽልማት አይቀበልም፤ ነገር ግን የሥዕሉን ቅጂ አትሞ የመሸጥ መብት ስላለው ከዚያ ይጠቀማል። የማያድኑ ሰዎችም ቴምብሩን ለውበቱና ለስብስብ ይገዙታል።

የአሠራሩ ቁም ነገር ግን ከሥዕሉ ጀርባ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲም ረግረጋማ መሬት ለመግዛትና ለመከራየት እንዲውል ተደርጓል። በዚህ መንገድ ከ1934 ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ወደ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተጠብቋል። በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች እንደ ጎደሉ ሲያስረዳ፣ የዳክዬና የዝይ ወገኖች ግን ከግማሽ በላይ መጨመራቸውን ገልጿል። ለዚህ ምክንያቱ ቴምብሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሌሎች ሕጎችና ስምምነቶችም ረድተዋል። ነገር ግን የመሬቱ መጠበቅ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም።

ሆኖም ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። አንደኛ፣ የሚገደል ወፍ ለሚጠበቅ ወፍ መክፈሉ ኅሊናን የሚከብድ ነው። ሁለተኛ፣ የመሬት ዋጋ ሲንር ቴምብሩ ከ1991 እስከ 2015 በ15 ዶላር ብቻ ቆይቶ ነው ወደ 25 ዶላር ከፍ ያለው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ አዳኝ የማይፈልጋቸው ወፎች ይህን የመሰለ ገቢ የላቸውም። ያው ጥናት የሣር ሜዳ ወፎች ከግማሽ በላይ እንደ ጎደሉ ይናገራል።

ይህ ነገር እኛንም የሚመለከት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የዱር ዳክዬዎች ክረምታቸውን ከሚያሳልፉባቸው ሐይቆች መካከል ዝዋይና አብጃታ ይገኛሉ። የአብጃታ ውኃ ግን ወደ እርሱ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ በመወሰዱና ውኃው ለሶዳ አሽ በመሳቡ ብዙ ሸሽቷል። አገራችንም በ1950ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአገር ውስጥ አዕዋፍ የተሣሉባቸው ቴምብሮች አሳትማለች። ነገር ግን የፖስታ ቴምብር ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ ረግረግ አይገዛም። ሥዕሉ ቢያምርም ገንዘቡ የታሰረው ከደብዳቤው ጋር ነው።

ስለዚህ ከዳክዬ ቴምብር የምንማረው ይህ ነው። ሥዕልና ቅርጽ የሰውን ልብ ይስባሉ፤ ወፏን የሚያድናት ግን ገንዘቡን ከምትኖርበት መሬት ጋር ያሰረው ሕግ ነው። የእንጨት ወፍ ቀርቦልን «ሽያጩ ለአዕዋፍ ጥበቃ ይውላል» ስንባል፣ ከማድነቃችን በፊት ከእያንዳንዱ ብር ስንቱ ሳንቲም ለየትኛው ሐይቅ እንደሚደርስ መጠየቅ ይገባናል።