በላባ ኳስ ስምንት ጊዜ ያሸነፈው ሰው

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ የተመደብኩት ዋጫ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። አንድ ቀን ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋር የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ስንጠርግ፣ ከተሰባበሩ ዴስኮች ሥር ሁለት ራኬቶች አገኘን። የአንደኛው ክር ረግቧል፣ የሌላው መያዣ ተላልጧል። አጠገባቸው ላባው ተነቃቅሎ ያለቀ አንድ ኳስ ወድቋል። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይኼ የምን ዕቃ ነው?» አሉኝ። «የባድሚንተን» አልኳቸው። በዚህ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። አንዱ ቀጠለና «ታዲያ የዚህ ጨዋታ አበበ ቢቂላ ማን ነው?» አለኝ።

ስለ ሯጮቻችን ቢጠይቀኝ እስከ ማታ ባወራሁለት። የባድሚንተኑን ግን አላውቅም ነበርና «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ነገ ያልኩት ቀን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እያነበብኩ ያገኘሁት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል፤ አለዚያ የሰውየው ሥራ ከባድነቱ አይገባንም። ባድሚንተን ስሙን ያገኘው እንግሊዝ አገር ከሚገኘው የቦፎርት መስፍን መኖሪያ ቤት ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ መኮንኖች ሕንድ አገር ፑና በምትባል ከተማ ቀደም ብለው ይጫወቱት ነበር። ሜዳው 13 ሜትር ከ40 ይረዝማል፤ አንድ ለአንድ ሲጫወቱ ስፋቱ 5 ሜትር ከ18 ነው። መረቡ መካከሉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ አለው። ኳሱ እንደምናውቀው ክብ አይደለም። በግማሽ ክብ ቡሽ ላይ 16 የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ ተሰክቶ የሚሠራ ሲሆን፣ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ ነው። ሲመታ እንደ ጥይት ይወጣል፤ ነገር ግን ላባው አየሩን ስለሚይዘው መንገድ ላይ ፍጥነቱ ይሞትና ቁልቁል ይወርዳል። ትንሽ ነፋስ እንኳ ይዞት ይሄዳል። ትልልቅ ውድድሮች አዳራሽ ውስጥ የሚደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። እንደ እኛ ዝናብማ ላባውን ጭራሽ ጥሬ ሥጋ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ዘመን ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ተጫዋች ብቻ ነበር። ተቀባዩ ኳሱን ቢያሸንፍ የሚያገኘው የሰርቭ ተራውን እንጂ ነጥብ አይደለም። ወንዶች እስከ 15 ይጫወታሉ፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ አሸናፊ ነው። (ከ2006 ወዲህ ማንም ሰርቭ ያድርግ ኳሱን ያሸነፈው ነጥብ ያገኛል።) እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ላብ በላብ ሆነው ብዙ ይመላለሱና ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አይልም! ትንፋሽ የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ ምንም አይሠራም።

ለልጁ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሰው ኢንዶኔዥያዊው ሩዲ ሃርቶኖ ነው። ኢንዶኔዥያ ሩቅ አገር ብትሆንም ለከፋ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። ከእኛ ደን የወጣው ቡና በየመን አልፎ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደሴት ደርሶ ተተክሏል። ሃርቶኖ የተወለደው በዚያችው ጃቫ፣ ሱራባያ በተባለች የወደብ ከተማ፣ በነሐሴ 1949 ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሆላንድ የአገሪቱን ነፃነት ተቀበለች። ቤተሰቡ ከቻይና የዘር ሐረግ የሚመዘዝ ስለነበር ሲወለድ የወጣለት ስም ኒዮ ሃፕ ሊያንግ ነበር። በ1960ዎቹ መንግሥት የቻይና ዝርያ ያላቸው ዜጎች የኢንዶኔዥያ ስም እንዲይዙ ሲገፋፋ ብዙዎች ስማቸውን ቀይረዋል፤ ዓለም ያወቀውም ሩዲ ሃርቶኖ በሚለው ነው። ትምህርት ቤት ሲገቡ ስም የተቀየረላቸው ሰዎች በእኛም ሰፈር አሉና ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ።

ልጁ መጫወት የጀመረው በአዳራሽ አይደለም። በሱራባያ አስፋልት ላይ፣ ማታ ማታ በመብራት በሚደረጉ የሰፈር ውድድሮች ነው። አባቱ ዙልካርናይን ራሱ ተጫዋች ነበርና የልጁን ተሰጥኦ ሲያይ በያዘው ክበብ ውስጥ ሥርዓት ባለው መንገድ ያሠለጥነው ጀመር። የአባትየው ትምህርት በአራት ነገር ላይ ያተኮረ ነበር፤ ፍጥነት፣ የትንፋሽ አያያዝ፣ ሳይዋዥቁ መጫወትና ኳሱን ሳይጠብቁ ሄዶ መምታት። አራተኛው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ብዙ ተጫዋቾች ተቃራኒያቸው እስኪሳሳት በትዕግሥት ኳስ ይመልሱ ነበር። ሃርቶኖ ግን ወደ ኳሱ እየሮጠ፣ ከላይ ወደ ታች እየደበደበ፣ ሌላው ትንፋሽ እንዳይሰበስብ ያደርግ ነበር። የሚገርመው፣ ከላይ የነገርኳችሁ አድካሚ አቆጣጠር ባለበት ዘመን እንዲህ መጫወት ሞኝነት ይመስላል፤ ቶሎ ያደክማላ! እሱ ግን የሚደክመውን ሰው ቀይሮ ተቃራኒውን አደረገው።

በ1967 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ የአገሮች ውድድር በሆነው በቶማስ ዋንጫ ለአገሩ ተሰለፈ። ፍጻሜው ጃካርታ ላይ ከማሌዥያ ጋር ነበር። ተመልካቹ በጩኸት እየረበሸ ስላስቸገረ ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠና በመጨረሻ ዋንጫው ለማሌዥያ ተሰጠ። ሰው የገዛ ወገኑን ለማሸነፍ ብሎ ሲያስሸንፍ ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። ኢንዶኔዥያ ዋንጫውን በ1970 አስመለሰች፤ እስከ 1979 ድረስም በተከታታይ አራት ጊዜ ወሰደች። ሃርቶኖም የዚያ ቡድን ምሰሶ ነበር።

ስሙን የተከለው ግን የእንግሊዝ ታላቁ ውድድር ነው። ይህ ውድድር በ1899 የተጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ሻምፒዮና የሚባለው እስከ 1977 ስላልነበረ እዚያ ያሸነፈ ሰው የዓለም አንደኛ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1968 የ18 ዓመቱ ልጅ ለንደን ዌምብሌይ ላይ የማሌዥያውን ታን አይክ ሁዋንግን በፍጻሜ አሸነፈ። በ1969 ደገመ። በ1970፣ በ71፣ በ72፣ በ73፣ በ74ም አሸነፈ። ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ መሆኑ ነው። ዴንማርካዊው ኤርላንድ ኮፕስ ከ1958 እስከ 1967 ባለው ጊዜ እያረፈ ሰባት ጊዜ አሸንፎ ነበርና፣ በ1974 ሃርቶኖ ከእሱ ጋር እኩል ሆነ። አንድ ብቻ ቀረው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን አንድ ጊዜ መለስ እንበል። በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ ባድሚንተን ለማሳያ ያህል ቀርቦ ነበር። ሃርቶኖ በነጠላ ጨዋታ የዴንማርኩን ስቬንድ ፕሪን አሸነፈ፤ ነገር ግን ለማሳያ የቀረበ ስፖርት ስለሆነ ድሉ ከሜዳሊያ ቁጥር አልገባም። በዚያው ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ። ምሩጽ ግን በ5,000 ሜትር መነሻው ላይ ሳይደርስ ቀረ። እንግዲህ አንደኛው አሸንፎ አልተቆጠረለትም፣ ሁለተኛው መሮጥ እየቻለ አልሮጠም። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ተላልፈው ይሆን? እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ 1975 እንመለስ። ዌምብሌይ ፍጻሜ ላይ ሃርቶኖን የገጠመው ያው ሙኒክ ላይ ያሸነፈው ስቬንድ ፕሪ ነበር። ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ያሸነፈውን ሰው ልብ ብሎ ያጠናል መሰለኝ። በዚህ ጊዜ ፕሪ አሸነፈ፤ ስምንተኛውም ዋንጫ ከእጅ አመለጠ። ሃርቶኖ 25 ዓመቱ ነበር። «አበቃ» ለማለት የሚቸኩል ሰው መቼም አይጠፋም። በዓመቱ፣ በ1976፣ ተመልሶ ሄደና ወሰደው። እስከ ዛሬም በወንዶች ነጠላ ያንን ውድድር ስምንት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም። ብዙዎች የምንጊዜም ታላቅ የሚሉት ቻይናዊው ሊን ዳን እንኳ ስድስት ላይ ነው የቆመው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ በ1976 ፍጻሜ ከመረቡ ማዶ የቆመው ልጅ ነው። ሊም ስዊ ኪንግ ይባላል፤ የ20 ዓመት ወጣትና የገዛ አገሩ ሰው ነው። በአንድ ብሔራዊ ቡድን አብረው የሚሠለጥኑ፣ ለቶማስ ዋንጫ አብረው የሚሰለፉ ናቸው። ታላቅየው አድካሚውን አጨዋወት ያስለመደ፣ ታናሽየው እየዘለለ ቁልቁል በመምታት ከዚያም የባሰ ያደረገው። በ1978 ዌምብሌይ ላይ እንደገና በፍጻሜ ተገናኙና ኪንግ አሸነፈ። በ1979ም ኪንግ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ታናሽ ታላቁን መተካቱ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ በ1980 ሁለተኛው የዓለም ሻምፒዮና ጃካርታ ላይ ተደረገ። ሃርቶኖ በ30 ዓመቱ ተሰለፈ። በዚህ ጨዋታ 30 ዓመት ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ሽምግልና ነው። እየገፋ ፍጻሜ ደረሰ። ማዶ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ኪንግ! በዚያች ከ13 ዓመት በፊት በጩኸት ዋንጫ ባጡባት ከተማ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ ታላቅየው ታናሽየውን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጋዜጠኞች ጠይቀው ያልጠገቡት ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ማርሽ ቀይሮ የ5,000ንም የ10,000ንም ወርቅ ወሰደ። በሞንትሪያል፣ በ1976፣ አገራችን ባለመሳተፏ አንድ ኦሊምፒክ ከመካከል ያለፈው ሰው መሆኑን አንርሳ።

ሃርቶኖ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሳይኖረው ከሜዳ ወጣ። ባድሚንተን ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። ያኔ የአገሩ ልጆች ሱሲ ሱሳንቲና አላን ቡዲኩሱማ በሴትና በወንድ ነጠላ ወርቅ ወሰዱ፤ ለኢንዶኔዥያም የመጀመሪያዎቹ የኦሊምፒክ ወርቆች ሆኑ። የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችውም በዚያው ኦሊምፒክ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ልምምዴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ክፍል ገባሁ። ልጆቹ እኔን አልጠበቁም ነበር። በቆረቆንዳ ጫፍ የዶሮ ላባ ሰክተው ኳስ ሠርተዋል፤ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ገምደው በሁለት ዛፍ መካከል ወጥረዋል። የረገበውንም ራኬት አንዱ በሲባጎ ጠጋግኖታል። ቆረቆንዳው ስለሚከብድ ራኬቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም፤ ይህን ስላቸው «ቡሽ ከየት እናምጣ?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ጥላ ሥር ተቀምጠው ታሪኩን ሰሙኝ። ስጨርስ ያ የመጀመሪያው ጠያቂ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ኪንግንስ ከሃርቶኖ ሌላ የጣለው የለም?»

ይህቺን እንኳ ለነገ አላሳደርኳትም። «አለ፤ በዚያው በ1980 ዌምብሌይ ፍጻሜ ላይ ፕራካሽ ፓዱኮን የሚባል ሕንዳዊ አሸንፎታል» አልኩት። ስሙን ሰሌዳ ላይ እንድጽፍለት ጠየቀኝና ጻፍኩለት።