የካይት ክር መጠምጠሚያ፦ ፍሬኑ ይቅደም

ለካይቱ የክር መጠምጠሚያ በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መዘወሪያው እጀታና ክሩ ቶሎ ስለሚሰበሰብበት መንገድ ነው። መታሰብ ያለበት ግን መጀመሪያ ፍሬኑ ነው። ክር መሰብሰብ ትዕግሥት ቢጠይቅ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ክሩ ሲለቀቅ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የካይቱ ጉተታ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜትር ሲነፍስ 3 ኪሎ የሚጎትት ካይት፣ ነፋሱ 10 ሜትር ሲደርስ ወደ 12 ኪሎ ይጎትታል። ፍሬን የሌለው መጠምጠሚያ ያን ጊዜ ከቁጥጥር ውጭ ይሽከረከራል፤ እጀታውም ያገኘውን ጣት ይመታል።

እቤት ለሚሠራ ሰው የሚመቸው የጠፍር ፍሬን ነው። ከኮምፔርሳቶ የተቆረጠ ክብ ከክር መጠቅለያው ጎን ይጣበቃል፤ በዙሪያው የቆዳ ጠፍር ይዞራል፤ የጠፍሩ አንድ ጫፍ ከመቆሚያው ጋር ይታሰራል፣ ሌላው በእጅ ወይም በሞላ ይሳባል። ጠፍሩ የክቡን ሦስት ሩብ ከያዘ በመካከለኛ ሰበቃ የታሰረው ጫፍ የሚሸከመው ኃይል በእጅ ከሚሳበው አራት እጥፍ ገደማ ነው። በእጅ 2 ኪሎ ቢሳብ ወደ 8 ኪሎ ይሆናል፤ ልዩነቱ፣ 6 ኪሎ፣ ክቡን ይይዛል። የክቡ ስፋት የክሩ ጥቅል እጥፍ ከሆነ ደግሞ ክሩ ላይ 12 ኪሎ ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ግን ክሩ ሲለቀቅ ክቡ የታሰረውን ጫፍ የሚወጥር ከሆነ ብቻ ነው። ጠፍሩ ተገልብጦ ከታሰረ ያው እጅ የሚይዘው የዚህን ሩብ ነው። ብዙ ሰው ፍሬኔ ደካማ ነው ብሎ ቆዳ የሚቀይረው ይህን ሳያይ ነው።

የቆዳ ጓንት አይበቃም ወይ? ለትንሽ ካይት ይበቃል። ነገር ግን 12 ኪሎ ይዞ በሰከንድ 3 ሜትር ክር መልቀቅ ወደ 350 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህን መዳፍ አይችለውም። ጠንካራው የፖሊኢትሊን ክር ራሱ ከ150 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ስለዚህ ፍሬኑ መጠቅለያውን እንጂ ክሩን መንካት የለበትም። ጥርስና መቀርቀሪያ ይቀላል የሚሉም አሉ። መቀርቀሪያ ግን ይይዛል እንጂ አያንሸራትትም፤ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ክሩ ይበጠሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቋጠሮው ላይ። መቀርቀሪያው ለዕረፍት ጊዜ ይጨመር፣ የፍሬኑን ቦታ ግን አይውሰድ።

መጠቅለያውም ቢሆን መናቅ የለበትም። ተወጥሮ የተጠቀለለ ክር እያንዳንዱ ዙር መሐሉን ይጨምቃል፤ ጭነቱ በመቶዎች ዙር ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1872 ጉዞ የጀመረችው የእንግሊዝ መርከብ ቻሌንጀር የባሕር ጥልቀት መለኪያ ሽቦ የተጠቀለለበት ከበሮ በሙከራ ላይ የተጨፈለቀው በዚሁ ምክንያት ነው።  ስለዚህ ስስ የፕላስቲክ መጠቅለያ ለናይለን ክር አይሆንም፤ ወፍራም እንጨት ይሻላል። ክሩ እየወጣ ጥቅሉ ሲቀጥን ያው ፍሬን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ሞላው የሚላላበት ብሎን ይኑረው።

ካይቱ ከመነሣቱ በፊት ክሩን በተንጠልጣይ ሚዛን ጎትቱት፤ ፍሬኑ ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት ግማሽ ሳይደርስ መንሸራተት አለበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አካባቢ ደግሞ ፈጽሞ አታብርሩ።